የሟቹ አልጋ ሙቀት

ሹፌሩ ከተቀበረ ወዲህ የጭነት መኪናዋን የሚደፍር ጠፋ። ባትሪዋን ቻርጅ አድርገው ያስሩታል፤ ጠዋት ሲመጡ ሙት ነው። ይባስ ብሎ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ያለችው ጠባብ መኝታ ማንም ሳይተኛባት ሞቃ ትገኛለች። «ሟቹ እየመጣ ያድርባታል» ተባለ። እንግዲህ ይህን ሰምቶ ማን ይስቃል?

ኢንስፔክተሯ ሳቀች። ግን የመጣችው መንፈስ ፍለጋ አልነበረም። ተዳፋት ላይ የቆመችው መኪና ተንሸራትታ ሹፌሩን ገድላዋለች፤ ጎማዋ ስር ድንጋይ የማስገባት ሥራ ደግሞ የታናሽ ወንድሙ ነበር። «መኪናዋን ለመውረስ አውቆ ነው» ብሎ ሰፈሩ ፈርዶበታል። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ካቴና አጥልቀውለት መኪናዋ ባለችበት ተዳፋታማ ግቢ ውስጥ ቆሟል።

«ከባትሪው ልጀምር» አለች።

«ባትሪው ምን በወጣው! ነቅዬ መሬት ላይ ሳሳድረው ጤነኛ ነው። ዲናሞውም ይሞላል። እሷ ላይ ሲታሰር ነው የሚሞተው።» የጋራዡ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ቶሎ ስለሚግል «ፊውዝ» ይሉታል። «የፈጣሪ ያለህ! እኔ ከዚች መኪና እጄን አንስቻለሁ።»

«የሆነ ነገር ሲጠጣው ያድራል ማለት ነው።»

«እሱ ነዋ! ሟቹ!»

«ሙታን ኤሌክትሪክ አይጠጡም፣ ፊውዝ። በል መፈተሻ አምፖልህን አምጣ።»

ፊውዝ እያጉረመረመ የሞላ ባትሪ አሰረ። ከዚያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትቶ አምፖሏን በመሃል አስገባት፤ ኤሌክትሪክ የሚጠጣ ነገር ካለ ትበራለች። ቁልፉ ተነቅሏል፣ በሩ ተዘግቷል፤ አምፖሏ ግን ቦግ አለች። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ነቀላቸው። አሁንም አልጠፋችም። የሰውዬው ፊት አመድ መሰለ።

«አላልኩዎትም?»

«እኔ ደግሞ ከፊውዝ ሳጥኑ ያልመጣ ገመድ አለ እላለሁ» አለችና ወደ ሟቹ ሚስት ቤት ሄደች።

ሚስትየው ልብስ ሰፊ ነች። ጥቁር ለብሳ የስፌት መኪናዋ ላይ አቀርቅራ ትሰፋለች፤ ከመርፌው በላይ አንዲት ትንሽ አምፖል ተንጠልጥላለች።

«መብራት ሲጠፋ በዚህች ነው የምትሠሪው?»

«አዎ፣ ከአሮጌ ባትሪ ጋር። ባሌ ነው የገመድ አቀጣጠሉን ያስተማረኝ።»

«የጭነት መኪናዋን መኝታ ልብስስ ማን ሰፋው?»

«እኔ ነኛ።»

«መንገድ ያበዛ ነበር ይላሉ።»

«ቤቱ መንገዱ ነበር። እኔ የእንግዳ ማረፊያው ነበርኩ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ኢንስፔክተሯ ተመልሳ ወንድምየው አጠገብ ቆመች። ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል።

«ድንጋዩን በደንብ አስገብተህ ነበር?»

«አስገብቼ ነበር... እንጃ። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ሲንሸራተት አየዋለሁ። እኔ ሳልሆን አልቀርም፣ ኢንስፔክተር።»

ጎንበስ ብላ አደጋው ከደረሰ ጀምሮ ተዳፋቱ ላይ ማንም ያልነካውን ድንጋይ ስታየው ቆየች፤ ከዚያ ልብስ ሰፊዋን ጨምሮ ሁሉንም መኪናዋ ዘንድ ጠራቻቸው።

«ድንጋዩ አምልጦ ቢሆን ጎማው ወደ ቁልቁለቱ ይገፋው ነበር። ይህ ግን ወደ ጎን ተጎትቷል። እዩት፣ የሟቹ ጓንት ከሥሩ እንደተያዘ ነው። በገዛ እጁ ነው የነቀለው። ፊውዝ፣ ባትሪ የሞተበት ሹፌር ምን ያደርጋል?»

«ተዳፋት ላይ ያሳድራታል። ድንጋዩን ነቅሎ ሮጦ ይገባል፣ ስትንደረደር በማርሽ ያስነሳታል። የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ግን ሁላችንም ብቻችንን እናደርገዋለን። እሱማ ከመሞቱ በፊትም ባትሪው እያስቸገረው ነበር፤ ወንድሙን ከእንቅልፉ መቀስቀስ ደግሞ አይወድም ነበር።»

ወንድምየው ይህን ሲሰማ በታሰሩ እጆቹ ፊቱን ሸፍኖ ተንሰቀሰቀ። ከቀብሩ ጀምሮ አላለቀሰም ነበር።

«ታዲያ ባትሪውን ማን ገደለው?» ኢንስፔክተሯ ፍራሹን ገለጠች። «አልጋው የሚሞቀውና ባትሪው የሚሞተው በአንድ ምክንያት ነው።»

ከመኝታው ሳንቃ ሥር ጣሳ ውስጥ የፊት መብራት አምፖል ተቀምጧል። ገመዱ በፍራሹ ልብስ ጠርዝ ውስጥ አልፎ በቀጥታ ወደ ባትሪው ይወርዳል። ፊውዝ የባትሪውን ገመድ መልሶ ሲያስር ጣሳው በብርሃን ተሞላ።

«መገጣጠሚያውን እየው። አንተ ብትሆን በምን ትጠቀልለው ነበር?»

«በቴፕ ነዋ! ይሄ በጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ተሰፍቷል... ጉድ እኮ ነው! ገመድ የሚሰፋ ማን...»

አልጨረሰውም። ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ።

«መኪናዋ እንዳትነሳለት ብዬ ነው» አለች። «አንድ ጠዋት እንኳ አብሮኝ ቁርስ እንዲበላ። መጀመሪያ ቀን ተሳካልኝ፤ እስከ ቀትር ቤት ቆየ፣ ስንስቅ ዋልን። ከዚያ ተዳፋት ላይ ማሳደር ጀመረ። እኔ ምን አውቄ...»

«ይሄ ልጅ ሲታሰርስ?»

«አፌ ተሳሰረ። ገደልሽው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ለዝምታሽ ጣቢያ መጥተሽ መልስ ትሰጫለሽ» አለች ኢንስፔክተሯ፤ የልጁንም ካቴና አስፈታች። «አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ከሞተ በኋላ ለምን አልነቀልሽውም?»

«ይበርደዋል ብዬ።»

ወንድምየው የተላጠ የእጅ አንጓውን እያሻሸ አያት። ሊጮህባት የፈለገ ይመስል ነበር፤ ድምፁ ሲወጣ ግን ዝግ ያለ ነው።

«እትዬ፣ ልንቀለው?»

«ተወው፣ የኔ ወንድም። እኔው ልንቀለው።»

መኪናዋ ላይ ወጣችና ገመዱን ነቀለች። ፍራሹን መልሳ አነጠፈች፤ መዳፏንም ላዩ ላይ አሳርፋ ተቀመጠች። ውረጂ ያላት ማንም የለም።

«ቀዘቀዘ» አለች በመጨረሻ።