በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ የተቀመጠው ሰው

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፤ የቀረው የናንተ ነው።

ጨለማ አልነበረም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ቦታው ጉደር ነው፣ ኦቦ ኩምሳ የሚባሉ ሰው ቤት፣ ሳሎን ውስጥ። ዘመኑ 2004 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ።

እኔ ጣቢታ እባላለሁ። ያኔ አምቦ ላይ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ሠርግ፣ ምርቃት፣ ልደት... የተገኘውን አነሳለሁ።

ካሜራዬ ጥሩ ነበር። ግን ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትንሹ ዓይነት ነው። ትንሽ ሴንሰር ሌንሱ ከሚያሳየው ላይ ዳር ዳሩን ይቆርጣል። ጠባብ ቤት ውስጥ ሰው ስትደረድሩ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፋችሁም ቢሆን ጫፍና ጫፍ የቆመው አይገባላችሁም።

የኛ ሰው ደግሞ ቤቱ ጠባብ፣ ዘመዱ ብዙ ነው።

ስለዚህ በጣም ሰፊ የሚያሳይ ዙም ሌንስ መግዛት ነበረብኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገሉ የካሜራ ዕቃዎች የሚሸጥ ይገዙ የሚባል ሰው አለ። የቆየሁ ደንበኛው ነኝ። ሁለት ሌንሶች በሚኒባስ ላከልኝና ሁለቱንም ሞክሬ አንዱን እንዳስቀር፣ ሌላውን ሰኞ እንድመልስለት ነገረኝ።

አንደኛው ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚያሳየው ይሰፋል። ዙሙ አጭር ነው። ግን ብርሃን በደንብ ያስገባል፤ ጨለም ያለ ቤት ውስጥ እንደሱ የለም።

ሌላኛው ከአሥር እስከ ሃያ ነው። ብርሃን ላይ ይሰንፋል። ግን በአንድ ሚሊ ሜትር ይሰፋል።

አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታደርጋለች እንዳትሉ። በእንደዚህ ዓይነት ሌንስ ብዙ ናት። ይገዙም በስልክ እየሳቀ እንደዛ ነው ያለኝ።

«ዳር ላይ አንድ ሰው ታስገባልሻለች።»

ቅዳሜ የኦቦ ኩምሳ ልጅ የለንሳ ሠርግ ነበር። ሽማግሌው የቤተሰቡ ፎቶ ልጆቻቸው ባደጉበት ሳሎን ውስጥ ካልሆነ አሉ። ግቢው ሰፊ ነው፣ እዚያ ይሻላል ብላቸው አልሰሙኝም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ሁለቱንም ሌንሶች ይዤ ቦታውን ለማየት ሄድኩ።

የተቀበሉኝ ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ ናቸው። ጤና ጣቢያ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ሳሎኑን አሳዩኝና ለሠርጉ ሥራ ወደ ጓዳ ተመለሱ።

ብቻዬን ቀረሁ።

ሳሎኑ ረጅምና ጠባብ ነው። ሶፋው ረጅሙን ግድግዳ ተደግፏል። እኔ ፊት ለፊቱ ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቄ የካሜራውን ባለ ሦስት እግር መቆሚያ፣ ትራይፖዱን፣ ተከልኩና መጀመሪያ ሰፊውን ሌንስ ገጠምኩ። አሥር ላይ አድርጌ አነሳሁ። ስክሪኑን አየሁ።

ሶፋ። መስኮት። መጋረጃ።

በግራ በኩል፣ መጨረሻው ጠርዝ ላይ...

ጉልበት።

ቡናማ ሱሪ የለበሰ ሰው ጉልበት። የተቀመጠ ሰው።

ቀና አልኩ። ከሶፋው በስተግራ ባዶ ወለል ነው። ወንበር እንኳ የለም።

ሰፊ ሌንስ ዳር ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ይለጥጣል። ያንን አውቃለሁ። ጥላ ነው፣ ተለጥጦ ነው እንዲህ የመሰለኝ ብዬ ምስሉን አጎላሁት።

የሶፋው ክንድ ተለጥጧል። መጋረጃው ወደ ውጭ ተስቧል።

ጉልበቱ ግን አልተለጠጠም።

ዙሪያው ሁሉ ተንጋዶ... እሱ ብቻ ልክ ነው።

የሌንሱን ቀለበት ወደ አሥራ አንድ አዞርኩና አነሳሁ። የለም። አሥራ ሁለት ላይ አነሳሁ። የለም። ካሜራውን ራሱን ወደ ግራ አዙሬ ያንን ቦታ መሐል ላይ አደረግኩት። ባዶ ወለል።

ወደ ነበረበት መለስኩት። አሥር።

አሁን ጉልበቱ ላይ እጅ አለ።

ደግሞ ትንሽ ወደ ውስጥ ተጠግቷል።

ሌንሱን ፈታሁና ሌላኛውን ገጠምኩ። አሥራ አንድ ላይ አነሳሁ። ብርሃኑ ያምራል። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ማንም የለም።

ይሄኛውን ነው የማስቀረው አልኩ። ለብርሃኑ ስል። ለራሴ እንደዛ ነበር የነገርኩት።

አዴ ድንቅቱ ውሃ ይዘውልኝ ሲመጡ የቀድሞዎቹን ፎቶዎች መልሼ እያየሁ ነበር። ስክሪኑን ላጠፋው ስል የእጄን አንጓ ያዙኝ።

«መልሺው።»

መለስኩት።

ብዙ አዩት። ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ለካ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በጥቁር ክር ተጥፏል። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር።

«እኔ ነኝ የጣፍኩት» አሉ።

ከዚያ ቁጭ ብለው ነገሩኝ።

የመጀመሪያ ልጃቸው ጋሮማ ይባላል። አስተማሪ ነበር። ለንሳ ገና ልጅ ሳለች፣ በአንድ ክረምት፣ የጉደር ወንዝ ሞልቶ ሳለ ሊሻገር ገብቶ አልወጣም ይባላል። ይባላል ነው የሚሉት፤ ሲገባ ያየው ሰው የለም። አስከሬኑም አልተገኘም። ኦቦ ኩምሳ ወንዙን ታች ድረስ ወርደው ፈልገው፣ ፈልገው፣ ተመልሰው ለቅሶ ተቀመጡ። አዴ ድንቅቱ ግን ያልተገኘ ሰው አይለቀስም ብለው እምቢ አሉ። ለቅሶው ሲያልቅ በቤቱ ውስጥ የልጁ ስም መጠራቱም አበቃ። ባል ቢጠሩት እንደሞተ አድርገው ነው። ሚስት ቢጠሩት እንዳለ አድርገው ነው። ስለዚህ ሁለቱም ዝም አሉ።

ይሄን ሁሉ ሲነግሩኝ ዓይናቸው ከሶፋው በስተግራ ያለው ወለል ላይ ነበር።

«ቅዳሜ በሰፊው አንሺን» አሉኝ።

«አዴ... እኔ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። እህቱ እኮ ናት የምትዳረው።»

ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ኦቦ ኩምሳ በሩ ላይ ነበሩ። ሰምተዋል። እስከ ግቢው በር አብረውኝ ሄዱ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ድንኳኑና ስለ እንግዶቹ ነበር የሚያወሩልኝ። የግቢው በር ጋ ስንደርስ ቆሙና ያንን የማያሳየውን ሌንስ ይዤ እንድመጣ ጠየቁኝ። አልተቆጡም።

«ልጄ፣ ይቺን ሴት ብዙ ዓመት ደግፌ ነው ያቆምኳት» አሉኝ። «አንቺ አትጣያት።»

ዓርብን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላስታውስም። ሁለቱ ሌንሶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን የማወዳድረው ጥራታቸውን ነበር። አሁን ግን የማስበው አንድ ነገር ነው። አንዱን ብመርጥ እናት ልጇን ታገኛለች። ሌላውን ብመርጥ አባት ሚስቱን አያጣም።

ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ።

ቅዳሜ ሠርጉ አማረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥም፣ ድንኳኑ ውስጥም የሠራሁት በብርሃናማው ሌንስ ነው። እንደዛ ያለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ኦቦ ኩምሳ በሩቁ እያዩኝ ራሳቸውን ይነቀንቁልኛል። አዴ ድንቅቱ አንድ ጊዜም አላዩኝም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቤተሰቡ ፎቶ ወደ ሳሎን ገባን።

ሙሽሮቹ መሐል ተቀመጡ። አጎቶች፣ አክስቶች፣ የልጅ ልጆች ግራና ቀኝ ሞሉት። ኦቦ ኩምሳ ከልጃቸው ኋላ ቆሙ። አዴ ድንቅቱ ሄደው መጨረሻው ላይ ቆሙ። በግራ።

በካሜራው ዓይን አየሁ። አሥራ አንድ ላይ ነው። ከዚህ በላይ አይሰፋም።

አዴ ድንቅቱ ግማሽ ፊታቸው ተቆርጧል።

ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲጠጉልኝ ለመንኳቸው። አልተንቀሳቀሱም። የሙሽራው እናት በእጃቸው ሳብ አደረጓቸው። አልተንቀሳቀሱም።

ለንሳ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«እባክሽ» አለች በሹክሹክታ። «እናቴን ቆርጠሽ አታንሺ።»

ኦቦ ኩምሳን አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ከዚያ ሚስታቸውን አዩ... ደጋግመው አዩዋቸው። በመጨረሻ አንገታቸውን ደፉ።

ሰፊውን ሌንስ ገጠምኩ።

አሥር።

አዴ ድንቅቱ ሙሉ በሙሉ ገቡ። ከሳቸው በስተግራ ትንሽ ባዶ ወለል አለ። ማንም የለም። ግራ እጃቸውን ግን ከጎናቸው ትንሽ ዘርግተዋል። መዳፋቸው ክፍት ነው።

ወደ እኔ እዩ አልኩና ተጫንኩ።

ስክሪኑን አየሁ።

የለም። ጠርዙ ባዶ ነው።

ትንፋሼን ለቀቅኩ። አለቀ፣ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር፣ አልሆነምም አልኩ። ጨርሰናል ብዬ ላሰናብታቸው ስል...

ዓይኖቻቸውን አየሁ።

ፎቶው ላይ አንድም ሰው ካሜራውን አያይም። ሙሽራዋም፣ ሙሽራውም፣ አክስቶቹም፣ ሕፃናቱም። ሁሉም የሚያዩት አንድ ቦታ ነው። ከካሜራው ትንሽ ከፍ ብሎ።

የኔን ትከሻ።

ከስክሪኑ ቀና አልኩ።

አሁንም እዚያው ነው የሚያዩት። ከትከሻዬ በላይ... ከኋላዬ።

ከኋላዬ ግድግዳ ነው። ጀርባዬ ነክቶታል።

ማንም አልጮኸም። ከሁሉ የከፋብኝ እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ ሕፃን እንኳ ድምፅ አላሰማም።

ልዞር አልቻልኩም።

የኦቦ ኩምሳ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ።

«ኮቱ» አሉ። ና ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ተሰብሯል። «ኮቱ፣ ኢልመ ኮ።»

ና፣ ልጄ።

ያን ጊዜ የሁሉም ዓይን ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ። ከትከሻዬ ወረደ... በአጠገቤ አለፈ... ወደ ግራ ሄደ። የአንድን ሰው እርምጃ እንደሚከተል። የትራይፖዱ አንድ እግር በራሱ ትንሽ ሸርተት አለ፣ ሰው ሲያልፍ እንደሚገፋው።

ዓይኖቹ አዴ ድንቅቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

አዴ ድንቅቱ የተከፈተውን መዳፋቸውን ጨበጡ።

ከዚያ ለንሳ አለቀሰች፣ ሰዉም ተንቀሳቀሰ። ደጅ የነበሩት እንግዶች የሠርግ እንባ መስሏቸው እልል አሉ። እኔ ሌላ ፎቶ አላነሳሁም። እዚያ ክፍል ውስጥ ከነበሩት ሰዎች አንዱንም ምን አየህ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እነሱም አልነገሩኝም።

ሰኞ ሁለቱንም ሌንሶች ለይገዙ መለስኩለት። ምን ጎደላቸው ብሎ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ምንም አልጎደላቸውም፣ የድሮው ይበቃኛል አልኩት።

ፎቶዎቹን አሳጥቤ ወደ ጉደር የወሰድኩት ሳምንት ያህል ቆይቼ ነው። ረፋድ ላይ ደረስኩ። ግቢው ጋ ስደርስ ነገር ሲደበደብ ይሰማኛል።

ሳሎን ገባሁ።

ኦቦ ኩምሳ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ጭቃና ጭድ ፀጉራቸው ላይ ተበትኖ፣ ግድግዳውን በዶማ እያፈረሱ ነበር። ሶፋው ተነስቷል። ግድግዳው ሰው የሚያሳልፍ ያህል ተበስቷል።

ሰላምታ ሰጠኋቸው። ላባቸውን ጠርገው ሳቅ አሉልኝ። እንደዛ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

«ቤቱ ጠበበን» አሉኝ። ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ፎቶዎቹን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩ።

በቀዳዳው ውስጥ የጓሮው ሣር ይታያል። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። አዴ ድንቅቱ ሣሩ ላይ ቆመዋል። በሁለት እጃቸው ነጭ ፎጣ ዘርግተው ይዘዋል፤ ታጥቦ ለሚወጣ ልጅ እንደሚያዝለት። በኦሮምኛ የሆነ ነገር እያወሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ይስቃሉ።

ከፊታቸው ማንም የለም።

ፎጣውን አየሁት። ደረቅ ነበር። ነፋሱ ያወዛውዘዋል።

ድንገት መወዛወዙን አቆመ።

እያየሁት... ከመሐሉ ጀምሮ ረጠበ።