ፋኖሱ ዝቅ ሲል

ኢንስፔክተር ሽብሬን የጠሯት ከለቅሶ ድንኳን ነው። የአቶ ጭምዴሳ ሠልስት ነበርና እሷም እንደ ጎረቤት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ተቀምጣለች። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ የሟች ልጅ ዬሮሳን ያለ ነጠላ እየተንገዳገደች ገብታ አስመልሷት ወድቃለች፤ ደግፋ ውኃ የረጨቻትና ዝም ያሰኘቻት ሽብሬ ናት። አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ የግቢው ተከራይ የጉቱ ጓደኛ ቢኒያም ድንኳኑ ደጃፍ ቆመ።

«እትዬ ሽብሬ፣ ጉቱ አይነቃም» አላት።

ሠላሳ እርምጃ ነው የሄደችው። ጉቱ ከሟቹ ቤት ጀርባ በተከራየው ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። የጆሮ ማዳመጫው ከጆሮው አልወረደም፤ ሁለተኛ ማዳመጫ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሏል። ቁስል የለበትም። ፊቱ ግን ከሞተ ሰው ፊት ይልቅ ቀልቷል።

ከመቱ ከተማ ዝናብና ወሬ መጠለያ የለም። ሳይመሽ ግማሹ ከተማ «ራሱ የሠራው ጌም አስደንግጦ ገደለው» አለ፤ ግማሹ ቢኒያምን ጠረጠረ። ሁለቱ ልጆች «ፋኖስ» ያሉትን አስፈሪ ጌም ሁለት ዓመት አብረው ሠርተው፣ በዋዜማው ሲጯጯሁ ተሰምተዋል። የሽብሬ አለቃ ቢኒያም ታስሮ በማግስቱ ከሰዓት ፍርድ ቤት እንዲቀርብ አዘዘ።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ሽብሬ።

«በጋሼ ጭምዴሳ ድምፅ። ያዮ ጫካ ቀፎ ሲሰቅሉ ጉቱ ቀድቷቸው ነበር። ጌሙ ውስጥ መንገድ ሲጠፋብዎት፣ ከሩቅ ‹ኮቱ፣ ኮቱ› እያሉ ወደሳቸው የሚጠሩዎት እሳቸው ናቸው። አሁን ሞቱ። የሞተ ሰው ድምፅ መጫወቻ አይሆንም፣ አውጣው አልኩት። ‹የሚሰማው ሰው አለ› ብሎ እምቢ አለኝ።»

«ማን ነው የሚሰማው?»

«አልነገረኝም።»

የአከራይዋን የወይዘሮ ዘውደነሽን ቃል ለመቀበል ሽብሬ አፈረች። ባሏን ከቀበረች ገና ሦስት ቀኗ ነው።

«ዛሬ ጉቱን አይተውታል፣ እትዬ?»

«እኔ ሐዘን ላይ ነኝ። ከድንኳን አልወጣሁም። ጀኔሬተሩም ይኸውና ውጭ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ?»

ስለ ጀኔሬተር የጠየቀ አልነበረም። ሽብሬ ነገሩን ዋጠችና ወደ ጓሮ ዞረች። መብራት ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ከሰባት እስከ ስምንት ዝናብ ወርዷል። ትንሿ ጀኔሬተር ሜዳው ላይ ቆርቆሮ ለብሳለች። ሽብሬ አነሳቻት፤ ሥሯ ጭቃ ነው። በገመዱ ላይ አንዲት ጥቁር ነጠላ ታጥባ ታንጠባጥባለች። ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ፣ ግድግዳው በጉልበት ቁመት ጥላሸት ጠጥቷል።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ሲመጣ ቢኒያምን ከእስር ወደ ጉቱ ክፍል አስመጥታ ጌሙን ከፈተች።

«ምኑ ነው የሚወደደው?»

«ምንም አያሳይም፤ ያሰማል እንጂ። የፋኖሱን ክር ከፍ ካደረጉ መንገዱን ያያሉ፤ አውሬውም ያይዎታል። ዝቅ ካደረጉ ይደበቃሉ፤ ግን ጨለማ ነው። ያን ጊዜ ሌላ ሐሳብ ጭንቅላትዎ አይገባም። ሰው የሚወደው ለዚያ ነው።»

ሽብሬ ሳቀች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሃያ ዓመት ፖሊስ የሆነችው ሴት ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍታ ግድግዳ አስደግፋ ነበር፤ ከኋላዋ የሚተነፍሰውን ነገር ልታይ አልደፈረችም። ክሩን ዝቅ አድርጋ ስትሸሸግ ደሞዟም፣ አለቃዋም፣ የራሷ ሙታንም ከሐሳቧ ወጡ። ገባት።

«ትናንት የተጫወተው የት ነው የቆመው?»

ቢኒያም የተቀመጠውን መዝገብ ከፈተ። ከሰባት ሰዓት ከአርባ እስከ ስምንት ከሃያ ተጫዋቹ ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር አልተነቃነቀም።

«ፈርቶ ነው?»

«እዚያ አውሬ አይመጣም፣ እትዬ። የጋሼ ድምፅ ብቻ ነው ያለው።»

ሽብሬ ማዳመጫውን አወለቀች። ደጃፍ የቆመውን ፖሊስ «እትዬ ዘውደነሽንና ልጃቸውን ጥራልኝ» አለችው።

ሦስቱ በዚያችው ክፍል ተሰበሰቡ። ሽብሬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

«ሐኪሙ ጉቱ የሞተው በጭስ ተመርዞ ነው ብሏል። ጀኔሬተሯ በዝናቡ ጊዜ ውጭ ብትሆን ሥሯ ደረቅ በሆነ። ጥላሸቱ እዚህ ከበሩ ኋላ ነው። ይህን ደግሞ ቢኒያም አላደረገውም፤ ሠልስት በተቀመጠ ግቢ ያችን ጥቁር ነጠላ ከጭስ ያጠበ የቤት ሰው እንጂ ቢኒያም አይደለም። እትዬ፣ ጀኔሬተሯን ያወጡት እርስዎ ነዎት።»

ዘውደነሽ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። «የልጄን ነጠላ ፍለጋ ስመጣ ጉቱ ሞቷል። ነዳጁም አልቋል። ነጠላዋ ከበሩ ሥር ተወትፋለች። ሰው ምን ይላል ብዬ ነው።»

«ሁለተኛው ማዳመጫ የዬሮሳን ነው» አለች ሽብሬ። «አርባ ደቂቃ ከአንድ ዛፍ ሥር የሚቀመጥ፣ የሚጠራውን ሰው የሚያውቅ ነው።»

ዬሮሳን ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «አባዬን ልስማው ብዬ ነው የመጣሁት። ጀኔሬተሩ ውጭ ሲጮህ በአባቷ ሠልስት ጌም ቤት ገባች ይሉኛል ብዬ አፈርኩ። አስገባው አልኩት። በሩን ዘግቼ ነጠላዬን ወተፍኩበት። ራሴን ሲያዞረኝ፣ ‹ሂጂ፣ እኔ አጥፍቼ እመጣለሁ› አለኝ።»

«እስከ አሥር ሰዓት ዝም አልሽ?» አለ ቢኒያም።

ልጅቷ ቀና አለች። ሽብሬን አንዴ አየቻትና አቀረቀረች።

«ዝም አላለችም» አለች ሽብሬ። «ስምንት ተኩል ላይ እቅፌ ውስጥ ሆና ‹ጉቱ› አለች። ሁለት ጊዜ ጠራችው። እኔ አፏን በእጄ ያዝኩ። ‹በአባትሽ ለቅሶ የወንድ ስም አትጥሪ፣ ሰው ይሰማሻል› አልኳት። ጉቱ ያን ጊዜ በሕይወት ሳይኖር አይቀርም።»

ዘውደነሽ የሽብሬን እጅ ልትይዝ እጇን ዘረጋች፤ ሽብሬ እጇን ሳበች።

ቢኒያም ከሰዓት በፊት ተለቀቀ። ሽብሬ የምስክሮቹን ዝርዝር ለመጻፍ ወረቀት አወጣችና፣ ከዘውደነሽም ከዬሮሳንም በፊት፣ በአንደኛው መስመር ላይ «ሽብሬ ጎንፋ» ብላ ጻፈች።