ጭምቷ የቆመችበት መስታወት

ይህ በእኔው ላይ የደረሰ ነው። ያላመነ ይለፈው፤ ለምኜ አላስነብብም።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር እወቁልኝ። እኔን የሚያስፈራ ገና አልተፈጠረም። ውሻ ሲያባርረን የሰፈራችን ወንዶች አጥር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ቆሜ ውሻውን የምሰድበው እኔ ነኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ወለል ብላ።

ቦታው የምሠራበት ሱቅ ነው።

ሱቅ ስላችሁ ጉልት እንዳይመስላችሁ። ታች ጫማ፣ ከላይ ልብስ፣ ከዚያ በላይ ብርድ ልብስና ድስት የሚሸጥበት ባለ ፎቅ ነው። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጋሼ በጉብዝናቸው ጊዜ በአንዲት ጠባብ ክፍል ክርና ቁልፍ እየሸጡ ጀምረው፣ ዛሬ በየከተማው ቅርንጫፍ አላቸው። የእኛዋን "እናትየው" ይሏታል። ሌሎቹን "ልጆቿ"።

አንድ የማይቀር ደንብ አላቸው። አዲስ ቅርንጫፍ ሲመረቅ ከእናትየው አንዲት ሻጭ ትመረጣለች። የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹ ሁሉ በመኪና ተጭነው ይሄዳሉ፤ እሷም አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ መንገድ ዳር ባለው መስታወት ውስጥ፣ መሃላቸው ቀጥ ብላ ትቆማለች። መንገደኛው "ሰው የሆነችው የትኛዋ ናት?" እያለ ይወራረዳል። ገበያው ይደምቃል። ልጅቷም የቅርንጫፉ አለቃ ሆና እዚያው ትቀራለች።

ትቀራለች... እሱስ እውነት ነው።

ለዚያ ቦታ የታጨነው ሁለት ነበርን። እኔና ጭምቷ።

ጭምቷ ያልናት አፍ ስለሌላት ነው። ከሩቅ የመጣች፣ እናት አባት የሌላት፣ ደህና ነሽ ወይ ብሎ የሚደውልላት እንኳ የሌላት ልጅ። አንድ ቀን ልብስ ስንተኩስ ካውያ ግራ እጇ ላይ አርፎባት፣ የካውያውን ሹል ጫፍ የመሰለ ጠባሳ ቀርቶባታል። ያኔም እህ አላለችም።

የዚያን ቅዳሜ ከሁለታችን አንዷን ለመምረጥ ለፈተና ስንጠራ፣ ደረጃው ላይ የተሰቀሉትን የምርቃት ፎቶዎች ልብ ብዬ አየኋቸው። በየቀኑ በአጠገባቸው አልፋለሁ፤ አይቻቸው ግን አላውቅም።

የመጀመሪያው ላይ አንዲት ልጅ መስታወት ውስጥ ቆማለች። ብቻዋን።

የሚቀጥለው ላይ ሌላ ልጅ... እና አንድ አሻንጉሊት።

ከዚያ ሌላ ልጅ... እና ሁለት።

ቅርንጫፍ በጨመረ ቁጥር አሻንጉሊትም ይጨምራል።

ጠጋ አልኩ። የመጀመሪያዋ ልጅ አገጯ ላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ቀጥሎ ያለው ፎቶ ላይ ደግሞ የአሻንጉሊቱ አገጭ ላይ...

"ምን ይገትርሻል? ነይ" አለችኝ የመስታወቷ ሴትዮ። አሻንጉሊቶቹን የምታለብሰው እሷ ናት። ስፒል በጥርሷ ነክሳ ነው የምታወራው።

መስታወቱ ውስጥ ገብተን ቆምን። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

እኔ በልቤ አለቃ ሆኛለሁ። ማንን እንደማባርር ሁሉ ወስኛለሁ።

ሴትዮዋ ቀሚሳችንን በስፒል ማጥበብ ጀመረች። ወደ እኔ መጣች። ፈገግ አለች።

ስፒሉን ከቀሚሱ አሳልፋ ጎኔ ውስጥ ሰካችው።

"ኧረ እናቴን!" ብዬ ዘለልኩ። አንዱን አሻንጉሊት አንቄ አብረን ወደቅን።

ጋሼ ተነስተው ጉንጬን በእጃቸው ጀርባ ነኩኝ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

"ይቺ ትሞቃለች" አሉ።

ሴትዮዋ ወደ ጭምቷ ዞረች። ሰካችባት። ቀስ ብላ... እስከ ስፒሉ ራስ ድረስ።

ጭምቷ አልተንቀሳቀሰችም።

ደምም አልወጣ።

ጋሼ ጉንጯን ነኩና ፈገግ አሉ። "ይቺ ደርሳለች።"

ሁለቱ ሲወጡ ጠጋ አልኳት።

"በቃ አሸነፍሽ። ውረጂ።"

"አልቻልኩም..." ድምፅዋ መጣ። ከንፈሯ ግን አልተነቃነቀም።

"ምኑን ነው ያልቻልሽው?"

"እግሬ... የለም።"

"አታካብጂ ባክሽ።"

"ሳቢኝ... ቶሎ..."

"ገና ሳትሾሚ ታዢኛለሽ?" ብያት ወጣሁ። መቼም ያሸነፈ ሰው መኩራቱ አይቀርም ብዬ።

ከጥቂት ቀን በኋላ አሻንጉሊቶቹን በብርድ ልብስ እየጠቀለሉ መኪና ላይ ሲጭኑ አየሁ። ጋቢና ውስጥ ሹፌሩ ብቻ ነበር። ከአንዱ ጥቅል እጅ ወጥቶ ተንጠለጠለ። ጫኙ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ መለሰው።

ከምርቃቱ በኋላ ስልኳ አልሠራ አለ። ጋሼን ስጠይቃቸው "ሥራ በዝቶባት ነው" አሉኝ።

አላስችል ሲለኝ አንድ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቶ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አዲሱ ሱቅ ገና አልተከፈተም። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ቆመዋል።

መስታወቱ ውስጥ አሻንጉሊቶቹ ተደርድረዋል። ዳር ላይ አንድ አዲስ አለ።

ግራ እጁ ላይ ቀለም በደንብ ያልሸፈነው ምልክት... የካውያ ጫፍ የመሰለ።

ከአፉ ፊት ለፊት መስታወቱ ጉም ለብሷል።

ጠፋ... ተመለሰ። ጠፋ... ተመለሰ።

ከውስጥ በኩል።

ዘበኛው ቁልፍ አውጥተው ገቡ። በጨርቅ ጉሙን ጠረጉት። የዘወትር ሥራቸው ይመስላል። ወጥተው በሩን ሲቆልፉ ጉሙ ተመልሶ ነበር።

"አባባ..." አልኳቸው። "እኔም ለዚህ ቦታ ታጭቼ ነበር። ለጥቂት ነው ያመለጥኩት።"

ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ጨርቁን ጨመቁት።

"ምን ታመልጫለሽ" አሉኝ፤ "አንቺ ለአሻንጉሊትነትም አልበቃሽ።"