የአስካል ቀፎ

ፈረንጁ ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሳ በግራ እጁ ምልክት ሰጠ። ብርነሽ «ጠጋ በሉ» ያለ መስሏት ወደ አስካል ተጠጋች። ሰውየው እጁን ደግሞ አወዛወዘ። በመጨረሻ አስጎብኚው ተፈሪ መኪናው በር ላይ እንደቆመ ተረጎመላት።

«አንቺ ባለሹራቧ፣ እስቲ ዞር በይላቸው። የፈለጉት እሷን ብቻ ነው።»

ዞር አለች፤ ምን ታድርግ? የአባቷ ላንድሮቨር ከጂንካ ተነስቶ እያቃሰተ ተራራውን ሲወጣ፣ ታናሽ ወንድሟ አበራ ሁለቴ ሲያስመልሰው፣ እሷ ያ ሰማያዊ ሹራብ እንዳይጨማደድባት ቀጥ ብላ ነው የመጣችው። በስምንተኛ ክፍል እንዲህ ያለ ሹራብ ያላት ሌላ ልጅ አልነበረችም። አስካል ደግሞ ከማሳ መመለሷ ነው። ጀርባዋ ላይ የእንሰት ቅጠል ተሸክማለች፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነው። ለካ ፈረንጅ ከአዲስ ሹራብ ይልቅ ጭቃ ይወዳል። ፎቶው ተነስቶ ሲያልቅ ለአስካል እፍኝ ከረሜላ ሰጧት፤ መንደሩ ሁሉ ቆሞ ያያል። አስካል ግማሹን ለብርነሽ ዘረጋችላት። ብርነሽ ጥርሷን እንደሚያማት ነግራ መለሰችላት።

አስካል የአክስቷ የብዙወርቅ ልጅ ናት። አክስቷ ጋሼ ዳርጌ የሚባሉ የአሪ ገበሬ አግብተው እዚያው ተራራው ላይ መኖር ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። የብርነሽ አባት አቶ ወርቅነህ በጂንካ የእርሻ ቢሮ ሹፌር ናቸው። በየዓመቱ ጥር ላይ ትምህርት ለአጋማሽ ዕረፍት ሲዘጋ መኪናውን አስፈቅደው፣ ቤተሰቡን ጭነው እህታቸውን ይጠይቃሉ። ዘንድሮም፣ በ1979 ዓ.ም.፣ መንገዱን ሙሉ ያወሩት ስለ አስካል ነበር። አስካል ሁለት ሰዓት በእግሯ ሄዳ ተምራ አንደኛ ትወጣለች፤ አስካል ከትምህርት መልስ ታርማለች፤ አስካል ለታላቅ አፍ አትመልስም። ብርነሽ ትምህርት ቤቱ ከቤታቸው አጥር ማዶ ሆኖላት ስንተኛ እንደወጣች ማንም አላነሳም፤ እሷም ባይነሳ ትመርጣለች። እውነቱን ለመናገር ቀንታለች። ቅናቱ ዘንድሮ የጀመራት አይደለም፤ ዘንድሮ ግን እንቅልፍ ነስቷታል።

ያን ዕለት ከሰዓት አስካል እጇን ይዛ ከመንደሩ ጀርባ ባለ ቀጭን መንገድ ወሰደቻት። መንገዱ ገደሉ አፋፍ ላይ የበቀለ ትልቅ ዋንዛ ስር ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ተራራው ቁልቁል ይወርድና የማጎ ሜዳ ዓይን እስከሚደርስበት ይዘረጋል። ብርነሽ ለአፍታ ቅናቷን ረስታ ቆመች። አስካል ግን የምታሳያት ሜዳውን አልነበረም፤ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራለች። አንዱ ቅርንጫፍ ላይ ከቀርከሃ የተሠራ ረጅም ቀፎ ተሰቅሏል።

«የኔ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አባዬ ነው የሰጠኝ። በኛ ሰፈር ለሴት ልጅ ቀፎ ተሰጥቶ አያውቅም፤ አጎቴ በጣም ተቆጥቷል። የመጀመሪያውን ማር እስክቆርጥ ንቡ ከቆየልኝ የኔ እንደሆነ ይቀራል። ከኮበለለ ግን ለአጎቴ ልጅ ይሰጣል።»

«ታዲያ ለምን ታንሾካሹኪያለሽ? ንብ ወሬ ይሰማል እንዴ? አትሸውጂኝ» አለች ብርነሽ።

አስካል ሳቀች፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። ወጉን አንድ በአንድ ነገረቻት። ግራዋ አብቦ ንቡ ማር በሚሞላበት ወቅት ከዛፉ ስር እሳት አይነድም፤ ቅርንጫፍም አይሰበርም። ደግሞም ማሩ ሳይቆረጥ ቀፎውን ለሌላ ቤት ሰው ማሳየት ነውር ነው። እሷም ብታሳያት እንደ እህቷ ስለምታያት ነው፤ አባቷ እንዳይሰሙ አደራ አለቻት። ብርነሽ በጭንቅላቷ እሺታዋን ገለጸች። በልቧ የምታስበው ግን ሌላ ነበር። በሕይወቷ ሰው የተቆጣበት፣ ሰው የተከራከረለት የራሷ ነገር ኖሯት አያውቅም። አስካል ግን አላት፤ ያውም እዚህ ጭቃ ውስጥ።

በማግሥቱ አዋቂዎቹ አበራን ይዘው ማዶ ሰፈር ለቅሶ ሄዱ። አስካል ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ብርነሽ ራሴን አሞኛል ብላ ቀርታ ደጅ ተቀምጣ ሳለ የፈረንጆቹ መኪና መጥቶ ቆመ። ተፈሪ ሜዳው ወለል ብሎ የሚታይበት፣ ምሳ ሊበሉ የሚችሉበት ቦታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቃት። ትናንት ዞር በይ ያላት ፈረንጅ አሁን ፊቷን እያየ መልሷን ይጠብቃል።

«አይ ኖው» አለችው አውቃለሁ ለማለት በእንግሊዝኛ፣ ተፈሪን ዘላ።

መራቻቸው። በቀጭኑ መንገድ ከፊት ከፊት ስትሄድ፣ አራት ትልልቅ ሰዎች እሷ የረገጠችውን እየረገጡ ሲከተሏት ደስ ብሏት ነበር። ዋንዛው ስር ሲደርሱ ፈረንጆቹ በሜዳው ተደንቀው ቀሩ፤ ቀና ብሎ ቀፎውን ያየ የለም። ሹፌራቸው ሥጋ ሊጠብስላቸው የታችኞቹን ቅርንጫፎች ሰባብሮ እሳት ማያያዝ ጀመረ። ብርነሽ ልትናገር አፏን ከፈተች። «እሳት» የሚለውን በእንግሊዝኛ ታውቀዋለች፤ «አይሆንም» የሚለውንም ታውቀዋለች። አማርኛም ቢሆን ሹፌሩ የሚሰማው ነው። ይህን ስታስብ ፈረንጇ ሴትዮ ፎቶውን ወዲያው የሚያወጣ ካሜራ ይዛ ዛፉ ስር እንድትቆም በእጇ ጠራቻት። ብርነሽ አፏን ገጥማ ሹራቧን አስተካከለች።

እርጥቡ እንጨት ወፍራም ጭስ አወጣ፤ ጭሱም ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ቀፎው መጮህ ጀመረ፣ ንቡም ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ቅርጫታቸውን አንስተው ሮጡ። አመዱ፣ ባዶ ጣሳዎቹና የተሰባበረው ቅርንጫፍ እዚያው ቀረ። ብርነሽ ሲመሽ ንቡ ይመለሳል እያለች ራሷን አጽናናች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቤት ገብታ ማንም እንዳያያት ተሸሽጋ ፈረንጇ የሰጠቻትን ፎቶ አወጣች። ዛፉና ሜዳው ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። እሷ ዳር ላይ ናት፤ ፊቷን ጭሱ ሸፍኖታል።

ንቡ አልተመለሰም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጋሼ ዳርጌ ባዶውን ቀፎ ተሸክመው መጥተው ግቢው መሃል አስቀመጡት። ያነሷቸውን ሦስት ጣሳዎችም ከጎኑ አደረጉ። እንግዶቹ የተደበቀባቸው ነገር ያለ እንዳይመስላቸው ይሆናል፣ ልጃቸውን በአሪ ቋንቋ ሳይሆን ሴትና ወንድ በማይለየው አማርኛቸው ጠየቋት።

«አስካል፣ ፈረንጅ ያ መንገድ አያውቅም። ሰው ነው የመራ። አንተ ለማን አሳየህ?»

አስካል መሬት መሬቱን እያየች ዝም አለች። አጎቷ ሻንቆ ግን ዝም አላሉም። መኪና ወደ ተራራው መምጣት ከጀመረ ወዲህ ጉሬዛው ገደሉን ትቶ መሸሹን፣ አሁን ደግሞ ንቡ መከተሉን ተናገሩ። ይህ ሁሉ ለእፍኝ ከረሜላ ተብሎ መሆኑ አበሳጭቷቸዋል፤ ከረሜላውን ማን እንደተቀበለ መንደሩ አይቷል። ከሰዓት በኋላ ልጃቸው መጥቶ ቀፎውን እንደሚወስድ ነግረው ወጡ። ጋሼ ዳርጌም አልተቃወሟቸውም፤ ቃል ቃል ነው።

አስካል አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብላ ብርነሽን አየቻት። ታውቃለች፤ ከእሷ በቀር ለማንም አላሳየችማ። ግን መናገሩ እንግዳን በሰው ፊት ማሳጣት ሆነባት፤ ደግሞም ማሳየት የሌለባትን ያሳየች ራሷ ናት። ብርነሽ ዓይኗን ወደ ጣሳዎቹ መለሰች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ፤ እሷም ዝም አለች።

ዕቃው ሲጫን አቶ ወርቅነህ አጠገቧ መጥተው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት።

«ዕድሜ ልክሽን በአስካል ስጨቀጭቅሽ ኖርኩ» አሏት። «ተሳስቻለሁ ልጄ። አንቺ ቢያንስ አደራ አትበዪም።»

ይህንን ቃል ስንት ዓመት ጠብቃዋለች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር የምታስበው፤ ደስ ግን አላላትም። መኪናው ውስጥ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች።

የላንድሮቨሩ ባትሪ በተራራው ብርድ ደክሞ ኖሮ ሞተሩ አልነሳም አለ። ጎረቤት ተጠርቶ መኪናውን ቁልቁል ይገፋ ጀመር። ጋሼ ዳርጌ ገፉ፣ አክስት ብዙወርቅ ገፉ፣ አስካልም ገፋች። ብርነሽ ወደ ኋላ ስትዞር የአስካል ሁለት እጆች መስታወቱ ላይ ተለጥፈው አየች። በሦስተኛው ሙከራ ሞተሩ ሲነሳ ሰዉ አጨበጨበ። እናቷ ወይዘሮ አረጋሽ በመስኮት ብቅ ብለው ምርቃት ይቀበላሉ፤ ቀፎው ግቢው መሃል እንደተቀመጠ ነው፤ የሚወስደው ልጅ ገና አልመጣም።

«አባባ፣ ሞተሩን ያጥፉልኝ» አለች ብርነሽ።

«ይሄን ሁሉ ሰው አስለፍተን?»

«እኔም ወርጄ እገፋለሁ። ለጋሼ ዳርጌ የምነግራቸው ነገር አለኝ። እርስዎም ይስሙት።»

አቶ ወርቅነህ በመስታወቱ ውስጥ ፊቷን አዩት። ከዚያ ቁልፉን መልሰው ሞተሩን አጠፉ። ሰዉ መኪናው እንደገና የተበላሸ መስሎት ተጠጋ። ብርነሽ በሩን ከፍታ ስትወርድ አስካል ላቧን እየጠረገች ቆማ ነበር። ብርነሽ የምትናገረው ሳይገባት አልቀረም፤ የሹራቧን እጅጌ ያዝ አደረገቻት።

«ተይው ብርነሽ፣ ሂጂ» አለቻት በጆሮዋ። «ለኔ የሆነው ሆኗል። አባትሽ ይጠሉሻል።»

ብርነሽ እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ጋሼ ዳርጌ ወደቆሙበት ሄደች።