ለአባባ ባይሳ የተገዛው ጋቢ

«ኦቦ መገርሳ፣ ለዛሬ ብቻ ሾፌር ይሁኑልኝ።»

ኦቦ መገርሳ የሰዓዲያ አባት ሱቅ በር ላይ፣ በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ገፋ አድርገው ሰዓዲያን አዩዋት።

«ማል? የምን ሾፌር?»

«የአውቶቡስ። ጡረታ የወጡ።»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የነዳሁት በሬ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ደስ ወዳለው ነበር የሚሄደው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሰዓዲያ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ዛሬ ግን ስልኳን በሁለት እጇ ጨብጣ ከንፈሯን ትነክሳለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ክረምቱን ሙሉ ፌስቡክ ላይ፣ «የብዕር ሰፈር» በሚባል የጸሐፊዎች ግሩፕ ውስጥ፣ አባባ ባይሳ የተባሉ የሰባ ሁለት ዓመት ጡረተኛ ሾፌር ሆና ስትጽፍ ከርማለች። የአባባ ባይሳ ፎቶ የኦቦ መገርሳ ጀርባ ነው፤ ሳያውቁ ያነሳቻቸው። አባባ ባይሳ ያላዩት ጉድ የለም። ሱሉልታ ላይ ንፋስ አውቶቡሳቸውን ከነተሳፋሪው አዙሮ ወደ መጣበት ልኮባቸዋል። አንዴ ደግሞ ረዳታቸው ቢታመም፣ ከሆለታ እስከ አምቦ በር የያዘላቸው ጅብ ነው፤ ያን ቀን አንድም ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ለማለት አልደፈረም።

ግሩፑ አበደላት። «ዕድሜ ይስጥልን አባባ!» «ጉልበትዎን ልሳም!» ላይኩ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ።

ሐሙስ ማታ ደግሞ ሽልማቱ መጣ፤ «የዓመቱ ምርጥ ጸሐፊ፦ አባባ ባይሳ»። ከሥሩ ሦስት መቶ ኮሜንት ተደረደረ። ግማሹ እልል አለ። ግማሹ «የአድሚን ዘመድ ናቸው፣ ገብቶናል» አለ። አንድ ገጣሚ «ግጥም በማይከበርበት ቤት አልቆይም» ብሎ በይፋ ተሰናበተና፣ ማን «አትሂድ» እንዳለው ለማየት ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ገባ። በመጨረሻ፣ ሽማግሌ በሰርተፍኬት ብቻ አይሸኝም ተባለ፤ ጋቢ ተገዛ። ዋናዋ አድሚን ጣቢታ ከሰበታ ጻፈች፦ «ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን መኪና ተከራይተን ቡራዩ እንመጣለን። በእጃችን ካላለበስናቸው ምኑን ሸለምናቸው?» ስልክ ቁጥሯንም ለጠፈች።

ሰዓዲያ ያን ማታ ትራሷን ነክሳ ሳቀች። ዓርብ ግን በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሰበብ የተነሳው ረብሻ እንደገና አገረሸ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ጠፋ። ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ አብዱሰመድ ከአስፋልት እየሮጠ መጣ።

«መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፣ ጎማ እየተቃጠለ ነው፣ ተኩስም ሰማሁ። ማንም ከሰፈር እንዳይወጣ!»

ያኔ ሳቋ ደረቀ። በዚያ መንገድ የሚመጡ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ወደ ሌለ ሰው።

«እንግዲህ ደውለው 'አትምጡ' ይበሉልኝ» አለቻቸው ኦቦ መገርሳን፣ ነገሩን ባጭሩ ከነገረቻቸው በኋላ። «ድምፅዎ ይበቃል።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቱ ልታለቅስ መሆኑን ሲያዩ ግን ስልኩን ተቀበሉ። ሰዓዲያ የጣቢታን ቁጥር ደውላ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«ሄሎ፣ ልጆቼ፣ አትድከሙ። አትምጡ።»

«አባባ ባይሳ!» ጣቢታ ጮኸች። «ኧረ ምን ድካም አለው! አስኮ ደርሰናል'ኮ!»

«መንገዱም ጥሩ አይደለም አሉ።»

«እርስዎ ጅብ ረዳት አድርገው የነዱበትን መንገድ እኛ እንፍራ? በፍጹም! መጣን!» ስልኩ ተዘጋ።

ኦቦ መገርሳ ስልኩን መለሱላት። «አየሽ? ሽማግሌ 'አትድከሙ' ሲል ማን ይሰማል? ትሕትና ነው ይሉታል። ይባስ ብለው ይመጣሉ።» ቆይተው ጠየቁ፤ «ጅቡ ግን የማን ነው?»

 ሰዓዲያ ራሷ መልሳ ደወለች።

«ሄሎ? ሰዓዲያ እባላለሁ። አሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባባ ባይሳ የሚባሉ ሰው የሉም፣ የምጽፈው እኔ ነኝ። ጅቡም የለም። ድንጋዩና ተኩሱ ግን እውነት ነው። በአላህ፣ ተመለሱ።»

ከወዲያ የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማል። ከዚያ የጣቢታ ድምፅ፣ ለሌላ ሰው፦ «አቁመው። አቁመው ነው የምልህ!» መስመሩ ተቋረጠ።

መልሳ ብትደውል አይነሳም። ኦቦ መገርሳ ከተቀመጡበት ሳጥን ግማሹን ለቀቁላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከአስፋልቱ በኩል ጥቁር ጭስ ይወጣል። ስልኩ ሲጮህ ከሰዓዲያ እጅ ሊወድቅ ነበር።

«ሰበታ ገብተናል» አለች ጣቢታ። «አዙረን ሳንጨርስ፣ ቀድሞን የሄደው ሚኒባስ መስታወቱ ረግፎ ተመለሰ። ሰው አልተጎዳም። እኛም ደህና ነን።»

ሰዓዲያ ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጡባት። ኦቦ መገርሳ «ተመስገን» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስሚ አንቺ ቀጣፊ!» ጣቢታ አሁን ጮኸች። «ሦስት ወር ሙሉ 'አንቱ' እያልኩሽ! ጉልበትዎን ልሳም ብዬሻለሁ'ኮ!»

«ይቅርታ፣ ጣቢትዬ።»

«ኢንተርኔት ሲመለስ ግሩፑ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ያ ገጣሚ ብቻውን አንድ ዓመት ይጽፍብናል።» ተነፈሰች፤ ከዚያ ድምፅዋ ተንኮል ያዘ። «ባይሆን 'አባባ ባይሳ በድንገት አረፉ' ብንልስ? ለቀብር ማንም አይከራከርም። አንቺም ትድኛለሽ፣ እኛም አንዋረድም።»

ሰዓዲያ ወዲያው ታያት። የአገሩ አውቶቡስ ሁሉ ተሰልፎ ጥሩንባ ሲነፋ፣ ጅቡ ጥቁር ለብሶ ከፊት ከፊት ሲያለቅስ። ምን የመሰለ ታሪክ ይወጣው ነበር! ምላሷ ላይ ደርሷል።

«አይ» አለች። «እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሽልማቱን ለሁለተኛው ስጡት፤ ገጣሚው ከሆነም ይሁን።»

«ይሰድቡሻል።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩን ዘግታ ደብተሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ኢንተርኔት እስኪመጣ በእስክሪብቶ ጀመረች፦ «ስሜ ሰዓዲያ ከድሩ ነው።» እስክሪብቶውን አንስታ ዓረፍተ ነገሩን አየችው። አጭር ነው። አንድ ጉድ ልትጨምርበት ፈለገች፤ ተወችውና ወደ ሁለተኛው መስመር ወረደች።