ከዥንጉርጉሩ ጋራ መልስ የተኛው ሰው

መምህር ፀሃዬ ሞተው ካሳንቺስ ሲደርሱ፣ አብረዋቸው የነበሩት ሁሉ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር፤ እንዳይቀሰቅሷቸው። ሚኒባሱ ቤታቸው በር ላይ ሲቆም ባለቤታቸው እትዬ ተናኘወርቅ ጋቢውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው «ተነሳ እንጂ፣ ደርሰናል» አሉ። ጉንጫቸውን ነኩ። እንደ ወንዝ ድንጋይ ቀዝቅዟል።

ይህ እሑድ አመሻሹ ላይ ነው። ሰኞ የሐኪሙ ቃል መጣ፤ ሽማግሌው ታፍነው ነው የሞቱት፣ በገዛ ጋቢያቸው ሳይሆን አይቀርም። ከእሑድ ጀምሮ ጣቢያ ያደረው የሚኒባሱ ሹፌር ሊካሳ በዚያው ተከሳሽ ሆነ። ማክሰኞ ጠዋት መዝገቡ ተጠርዞ ኢንስፔክተር ምንዳዬ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። የቀረው የሱ ፊርማ ብቻ ነበር።

ስለ ምንዳዬ ሰፈሩ ብዙ ያወራል። ሌባ በሕልሙ አይቶ ሲነጋ በስሙ ይጠራዋል ይባላል። አንድ ጊዜ ቡልጋሪያ ሰፈር የጠፋ በግ ያገኘው የሰረቀውን ሰውዬ እጅ አሽትቶ ነው ይባላል፤ ሰውዬው ግን በጉን በልቶ እጁን እንኳ አልታጠበም ነበር፣ ይህን የሚጨምር የለም። የዚያን ጠዋት ምንዳዬ በሕልሙም በእውኑም ያየው ነገር አልነበረም። መብራት ጠፍቷል፣ እስክሪብቶው ደርቋል፣ መዝገቡ ላይ «ሹፌሩ ለምን ገደለ?» በሚለው አንጻር «በጭቅጭቅ» ተብሎ ተጽፏል። የምን ጭቅጭቅ? መስኮት ክፈት፣ መስኮት ዝጋ።

መዝገቡን ይዞ ኮማንደር ሃድጉ ቢሮ ገባ።

«ሸሚዙ ላይ ደም አለ» አሉ ኮማንደሩ፣ ቀና ሳይሉ። «ሟች ኪስ ውስጥ በደም የራሰ መሐረብ አለ። መኪናው ውስጥ ከሟች ጋር ብቻውን ነበር። ሌላ ምን ቀረህ፣ ሟቹ መጥቶ ይመስክርልህ?»

«መኪና ነው የቀረኝ። ገዳሙ ድረስ ሄጄ መነኮሳቱን ልጠይቅ።»

«ናፍጣ የለም።»

«የዚያ ወረዳ ፖሊስ ይጠይቅልኝ።»

«ስልካቸው ከተቆረጠ ሰነበተ። ስማ ምንዳዬ፣ ሰውዬው ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። እስከዚያ ሌላ ሰው ካመጣህ አምጣ። ካላመጣህ ፈርም።»

ምንዳዬ ወጣ። ጣቢያው በር ላይ የሊካሳ ሚስት ቢፍቱ ምሳ ዕቃ አቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። የሚገባ የሚወጣውን ፖሊስ ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ ፍርድ ቤት ከሄደ መቼ ይመለሳል? የሚመልስላት አልነበረም፤ መልሱን ሁሉም ስለሚያውቀው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊዲያ የምትባል አስጎብኚ በእሑድ እሑድ ሰው ሰብስባ ከአዋሽ ወዲያ ወዳለው ዥንጉርጉር ጋራ ትወስዳለች። ጋራው አንዱ ጉብታ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ኖራ የተቀባ ይመስላል። ሙቀቱ ደግሞ ጥላ ራሷ ከሰው ሥር ወጥታ ሌላ ጥላ የምትፈልግበት ሙቀት ነው። ከጋራው ጀርባ የዋሻ ገዳም አለ። ሴት አይገባበትም። ስለዚህ ሊዲያ በሩ ላይ ስትቀር ወንዶቹን የሚያስገባላት ታዲዎስ የሚባል የቀድሞ ዲያቆን አላት፤ በሌላው ቀን ለገሃር ላይ ለቱሪስት ዕቃ የሚሸጥ። ታዲዎስ ሁልጊዜ መንገዱ ሲገነጠል ይወርድና፣ ሌሎቹ ጋራውን እስኪያዩ እሱ በአቋራጭ ቀድሞ ከአበምኔቱ ፈቃድ ይጠይቃል።

የዚያ እሑድ ተጓዦቹ ጥቂት ነበሩ፤ መምህር ፀሃዬ፣ እትዬ ተናኘወርቅና ጎረቤታቸው እትዬ ኩልሱም። ገዳሙ ሲደርሱ ሊዲያ ሴቶቹን ይዛ ወደ ሴቶች ጠበል ወረደች። ሊካሳ ለራዲያተሩ ውኃ ሊቀዳ ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ሄደ። መኪናው ጋ መምህሩና ፈቃድ ይዞ የወረደው ታዲዎስ ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናገረው ታዲዎስ ነው። መምህሩን ደግፎ አስገባቸው፣ ተሳለሙ፣ ወረዱ፣ መኪናው ውስጥ ጋቢያቸውን አልብሶ አስተኛቸው፤ እሱ መነኮሳቱን ሊሰናበት ተመልሶ ሲወጣ ሊካሳ ከወንዝ መጣ። ከዚያ ወዲያ ከሽማግሌው ጋር ብቻውን የነበረው ሊካሳ ነው።

ሊካሳ የሚለው ሌላ ነው። ከወንዝ ሲመለስ ሽማግሌው ተሸፋፍነው አገኛቸው፣ የተኙ መሰለው፣ ኮፈኑን ከፍቶ ራዲያተሩን ሞላ። የሸሚዙስ ደም? ቀዩ ጉብታ ላይ ሽማግሌውን ሙቀቱ ነስሯቸው፣ ራሳቸውን ደግፎ ይዞላቸው ነው። ማን አየ? እትዬ ኩልሱም። እትዬ ኩልሱም ግን ሰኞ ለፖሊስ በሰጡት ቃል ምንም አላዩም።

ምንዳዬ መጀመሪያ ለቅሶ ቤት ገባ። እትዬ ተናኘወርቅ ድንኳኑ ጥግ ጠሩት። ሲያለቅሱ ስለቆዩ ድምፃቸው አልቋል፤ የሚናገሩት እየቆረጡ ነው።

ባላቸው በልጅነታቸው እዚያው ገዳም የቆሎ ተማሪ እንደነበሩ ነገሩት። የአበምኔቱን የእጅ መስቀል ተሸክመው ሲሮጡ ወድቀው አንድ ክንዱን ሸርፈውታል፤ ለዚያች ሽራፊ የበሉትን አለንጋ እስከ እርጅናቸው እያወሩ ይስቁ ነበር። ከጉዞው ሳምንት በፊት ግን አንድ ቀን ከለገሃር ሲመለሱ እህል አልቀምስ አሉ።

«ምን አሉ?»

«"ያን መስቀል ሱቅ ውስጥ ተሰቅሎ አየሁት" አለኝ። የማን ሱቅ ስለው፣ "ለአበው ሳልነግር ለሰው አልናገርም፣ ሐሜት ይሆንብኛል" አለ።»

«መኪናው ውስጥስ ስለዚህ አንስተው ነበር?»

«"ዛሬ ለአበው የምነግራቸው አለኝ" ሲል ሁላችንም ሰምተናል። ልጅቷ እንዲያውም ኑዛዜ ነው ወይ ብላ ቀልዳበታለች።»

ምንዳዬ በልቡ አንድ ሱቅ አሰበ። ለገሃር ላይ ግን መስቀል የሚሸጥ ሱቅ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሱቅ ያለው ሁሉም ገዳይ አይደለም። መጀመሪያ የሚዋሸው ማን እንደሆነ ማወቅ ነበረበት፤ ታዲዎስ ወይስ ሊካሳ። ወደ እትዬ ኩልሱም ጨርቅ ቤት ሄደ።

እትዬ ኩልሱም ጨርቅ እየለኩ ነበር። ከወገባቸው ቀና አላሉም።

«እትዬ ኩልሱም፣ መምህሩን ጋራው ላይ ነስሯቸዋል?»

«እንጃ።»

«አላዩም ማለት ነው?»

«አላየሁም አላልኩም። እንጃ ነው ያልኩህ።»

እንጃ የሚባለው ቃል መርማሪን ለመግደል የተፈጠረ ነው። የሚክድ ሰው ይያዛል፣ የሚዋሽ ሰው ይያዛል፤ እንጃ የሚል ሰው ግን እንደ ጭስ ነው። ምንዳዬ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ስለ ቢፍቱ አወራቸው፤ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ምሳ ዕቃው፣ ስለ ወሯ። የእትዬ ኩልሱም መቀስ ቆመ።

«አደራ ብለውኛል» አሉ።

«ማን?»

«እሳቸው ናቸዋ። ተናኘ መኪና ውስጥ ነበረች፣ ጉልበቷ አይወጣላትም። "ከሰማች ጉዞው ይቅር፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ትለኛለች፤ አደራሽን ኩልሱም፣ ተናኘ እንዳትሰማ" አሉኝ። ሰውየው ሞቱ። የሞተ ሰው አደራ እንዴት ይፈታል? የሰጠውን ሰው ጠይቀህ አታስፈታው።»

«አደራው እትዬ ተናኘ እንዳይሰሙ ነው?»

«አዎ።»

«እኔ እትዬ ተናኘ ነኝ?»

እትዬ ኩልሱም ቀና ብለው ከጫማው እስከ ጢሙ አዩት። «አይደለህም» አሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገሩት። ደሙ ብዙ ነበር፤ መሐረቡን አልፎ የሊካሳን ሸሚዝ ነክቷል። ሊዲያ ቀድማ ቢጫው ጉብታ ላይ ስለነበረች አላየችም።

ምንዳዬ ከዚያ ሐኪም ቤት ደርሶ አንድ ፌስታል ይዞ ተመለሰ።

ከቀትር በኋላ ሚኒባሱን ጣቢያው ግቢ መሐል አስቁሞ ሁሉንም እሑድ በተቀመጡበት ቦታ አስቀመጣቸው። የኋላው ወንበር ባዶ ነበር፤ ማንም ወደዚያ አላየም። ሊካሳ እጁ ታስሮ መሪው ፊት ተቀመጠ። ኮማንደር ሃድጉ በሩ ላይ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ቶሎ በል» አሉ።

«ሊዲያ፣ በመመለሻችሁ መምህሩን አትቀስቅሱ ያላችሁ ማን ነው?»

«ታዲዎስ ነው፤ ማለቴ፣ ደክሟቸዋል አለ፣ እኛም በቃ ተውናቸው።»

ምንዳዬ ወደ ታዲዎስ ዞረ። «ገዳም ያስገባሃቸው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ ደግፌ።»

«ተሳለሙ?»

«መቅደሱን ዞረው ተሳልመዋል።»

«ጫማቸውንስ?»

«በሩ ላይ አወለቁ፤ ማንም ያወልቃል። በካልሲ ገቡ።»

ምንዳዬ ከፌስታሉ የሟችን ካልሲ አወጣ፤ እንደ ታጠበ ነጭ ነው። የገዳሙ ግቢ አፈር የጋራው ቢጫ አፈር መሆኑን፣ እትዬ ኩልሱም ከጠበል መልስ በሩ አጠገብ ብቻ ተቀምጠው የቀሚሳቸው ጫፍ ታጥቦ እስካሁን ቢጫ መሆኑን አሳየ። ኮማንደሩ ሰዓታቸውን ማየት ተዉ።

ታዲዎስ ግን ሳቅ አለ። «እንግዲያው በባዶ እግራቸው ነው። የሰው ካልሲ አልቆጥርም፣ ተሳስቼ ይሆናል።»

ኮማንደሩ መልሰው ሰዓታቸውን አዩ። ምንዳዬ ፌስታሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። የቀረው አንድ ነገር ነበር፣ እሱም ለቅሶ ላይ ያለችን ሴት የሚያቆስል።

«እትዬ ተናኘ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «እትዬ ኩልሱም ለእርስዎ እንዳይነግሩ አደራ አለባቸው። ስለዚህ እኔ ነኝ የምናገረው። መምህሩን ጋራው ላይ ነስሯቸው ነበር፣ ብዙ። መሐረባቸው ላይ ያለው የነስር ደም ነው፤ የሊካሳ ሸሚዝ ላይ ያለውም ራሳቸውን ሲይዝላቸው የፈሰሰ።»

እትዬ ተናኘወርቅ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። እትዬ ኩልሱም መሬት መሬት ያያሉ። አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው የኩልሱምን እጅ ያዙ።

«ታዲዎስ» አለ ምንዳዬ፣ «ዲያቆን ነበርክ። የደማ ሰው በዚያው ዕለት ቤተ መቅደስ ይገባል?»

ታዲዎስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«አይገባም» አሉ እትዬ ተናኘወርቅ። «የሱን ሥርዓት አላውቅም እንዴ። ጥርሱን የተነቀለ ቀን እንኳ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ነው የጸለየ።»

«ያደጉበት ገዳም ላይ ሥርዓት አያፈርሱም» አለ ምንዳዬ። «ሥርዓቱን አንተም ታውቀዋለህ። ያላወቅኸው ነስሩን ነው። ጋራው ላይ አልነበርክማ፤ መንገዱ ሲገነጠል ወርደሃል። እሳቸውም ደብቀውታል። ገዳም አልገባም ሲሉህ ምክንያቱን አልነገሩህም፤ አበምኔቱን ጥራልኝ ነው ያሉህ። የሚነግሯቸው ነበራቸው። ሊካሳ ወንዝ፣ ሴቶቹ ጠበል፤ እዚህ መኪና ውስጥ ሁለታችሁ ብቻ። ከዚያ በኋላ፣ በሕይወት ነበሩ የምትልበት ሰዓት አስፈለገህ። በአፍህ ገዳም አስገብተህ አሳለምካቸው፤ ከሞቱ በኋላ።»

«ምን የሚነግሩት አላቸው?» አሉ ኮማንደሩ።

«ክንዱ የተሸረፈ መስቀል ስላዩበት ሱቅ ነዋ።»

እትዬ ተናኘወርቅ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ። «የለገሃሩ ሱቅ ያንተ ነው?»

ምንዳዬ ይህን ጥያቄ ሊጠይቅ አዘጋጅቶት ነበር፤ እሳቸው ሲጠይቁት ግን ታዲዎስ ፊቱን ከመስኮቱ አጣበቀ። «ለመንኳቸው» አለ፣ ለመስታወቱ። «ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ አልኳቸው። "ለአበው ንገርና መልስ" አሉኝ። ለአበው ከተነገረ፣ እኔ በየትኛው ገዳም ደጅ እቆማለሁ? ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ እንዳይሰማ ነው… ዝም እንዲሉ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማንም የጠየቀው የለም። ሁለት ፖሊሶች አወረዱት። ኮማንደር ሃድጉ መዝገቡን ከምንዳዬ እጅ ተቀብለው የፊት ገጹን ቀደዱና «ሹፌሩን ፍቱት» አሉ፣ በር ዝጉ እንደሚባለው።

ቢፍቱ ግቢው ውስጥ ስትገባ ሊካሳ የታሰረበትን አንጓ እያሻሸ ነበር። ምንዳዬ ሊጨብጠው እጁን ዘረጋ። ሊካሳ እጁን አየው፣ አልጨበጠውም።

«ኢንስፔክተር፣ እሑድ ማታ ነስሯቸው ነው አልኩ።»

«ብለሃል።»

«ሰኞም አልኩ።»

«ብለሃል።»

«እትዬ ኩልሱም ሲሉት ነው እውነት የሆነው?»

ምንዳዬ የሚመልሰው ነበረው፤ ሕጉ ስለ ተጠርጣሪ ቃል የሚለው፣ ስለ ምስክር የሚለው፣ ጥሩ ጥሩ መልስ። ቢፍቱ ፊት ለፊቱ ቆማ እያየችው አንዱም አፉ ላይ አልመጣም።

«እሑድም እውነት ነበር» አለ።

ቢፍቱ ምሳ ዕቃውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረችና የባሏን ክንድ ያዘች። «ታዲያ ለምን አሰራችሁት?» አለች። መልሱን አልጠበቀችም፤ ወደ ወሎ ሰፈር የሚሄድ ታክሲ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።