በኋላ ይነገርሃል

በዚያ ዘመን አዳማ ውስጥ ግድግዳው የማይጽፍ ቤት እንደ ኋላ ቀር ይታይ ነበር። ሰው ሲናገር ቃሉ ወዲያው ግድግዳው ላይ ይሰፍራል፤ መስማት የተሳነው ሰውም አስተርጓሚ ሳይጠብቅ ጨዋታውን ይካፈላል። ሕዝቡ «ቃልጻፍ» ይለዋል። ከሠሪዎቹ አንዷ ውዳሴ ናት። መስማት ለተሳነው ታላቅ ወንድሟ ለይልቃል ብላ እንደሠራችው ላገኘችው ጋዜጠኛ ሁሉ ነግራለች።

አባታቸው በሞቱ በሳምንቱ አንዲት ነርስ ደወለችላት።

«ያን ዕለት ጠዋት ሐኪሙ ‹ዛሬን አያልፉም፤ ከአጠገባቸው አትራቁ› ሲሏችሁ፣ የሆስፒታሉ ክፍል ግድግዳ ምን እንደጻፈ እርስዎ አይተዋል?»

አላየችም። የሚሰማ ሰው መቼ ግድግዳ ያያል? የምታስታውሰው ይልቃል አንብቦ፣ ራሱን ነቅንቆ ወደሚሠራበት አናጢ ቤት መሄዱን ነው። አባታቸው በሩን በሩን እያዩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፉ። እሷም «ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው!» ብላ ታዝባው ነበር።

የግድግዳውን መዝገብ ከፈተች። ሐኪሙ አራት ደቂቃ ተናግረዋል። ግድግዳው የጻፈው ግን ይህችን ብቻ ነው፦ «ምንም አይደለም፤ በኋላ ይነገርሃል።»

ሦስት ቀን ፈተሸች፤ የተበላሸ ነገር የለም። ይባስ ብሎ ያችው መስመር በከተማው በሺህ ግድግዳዎች ላይ ተጽፋለች፤ አንድም ሰው አላመለከተም። በመጨረሻ ቃልጻፍ መጀመሪያ የተማረበትን ቪዲዮ አወጣች። ተማሪ ሳለች የቤታቸውን ገበታ ዓመት ሙሉ ቀርጻ ነበር። ስለ ታመመ ሰው ይወራል፣ ይሳቃል፣ ጠብም ይነሳል። ይልቃል እጅጌዋን ይጎትታል፦ «ምን አሉ?» እሷ ሳትዞር በእጇ ትመልሳለች፦ «ምንም አይደለም፤ በኋላ።» ሁልጊዜ። ማሽኑ ጎበዝ ተማሪ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አናጢ ቤቱ ሄደች። ቃልጻፍ ከመጣ ወዲህ በእጇ ማውራት ትታ ስለነበር ጣቶቿ እየተሳሰሩባት ሁሉንም ነገረችው።

«ለምን አላመለከትክም? ስንት ጊዜ እንዲህ ጻፈብህ?»

ይልቃል መላጊያውን አስቀመጠ።

«ከተተከለ ጀምሮ፤ አሥራ አንድ ዓመት» አላት በእጁ። «ብልሽት መሆኑን በምን ልወቅ? የሚያወራኝ ልክ እንደ እናንተ ነው።»

ውዳሴ አቀረቀረች። እሱ ግን ከበርጩማው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂውን ጠርጎ አስቀመጣት፤ ዓይኗን እስክታነሳም ጠበቀ።

«በይ፣ ያ ‹በኋላ› አሁን ይሁን» አላት። «ሐኪሙ ምን ነበር ያሉት? ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»